ፍላሜንኮ፦ ከስደትና ከግዞት የተወለደው የአንዳሉሲያ ዜማ ሰሚውን ለምን ይማርካል?

ከደቡባዊ ስፔን፣ ከአንዳሉሲያ ግዛት የፈለቀው ፍላሜንኮ፣ ስፔንኛ የማይሰማን አድማጭ ጭምር እንባ በማስነባት ይታወቃል። በአጋጣሚ አንድ ምሽት ካዩት በኋላ ሥራቸውን ትተው፣ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ሴቪያ ወይም ወደ ሄሬዝ የተጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ለመሆኑ ይህ ጥበብ ሰውን እንዲህ የሚይዘው በምኑ ነው? መልሱ ከፊሉ በሙዚቃው አሠራር፣ ከፊሉ ደግሞ ሙዚቃውን ባቆዩት ሰዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ሥሩ ዘፈኑ ነው

ፍላሜንኮ ሲባል ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት ረጅም ቀሚስ ለብሳ መድረኩን በጫማዋ የምትደበድብ ዳንሰኛን ነው። ለባለቤቶቹ ግን የጥበቡ ሥር ዘፈኑ ነው፤ ጊታሩም ሆነ ዳንሱ እርሱን ተከትለው ይሄዳሉ።

ከጥንታዊዎቹ የዘፈን ዓይነቶች አንዳንዶቹ ጭራሽ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ማርቲኔቴ የሚባለው ከብረት ቀጥቃጮች ሕይወት ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ ያለ ጊታር በባዶ ድምፅ ይዜማል። አንዳንዴ የሚያጅበው መዶሻ ብረትን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በእጁ ሥራ አገር እየጠቀመ "ቀጥቃጭ" ተብሎ የተገለለ ባለሙያ ታሪክ ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢም እንግዳ አይደለም።

ሶሌያ እና ሴጊሪያ የተባሉት ዓይነቶች ብቸኝነትን፣ ሞትንና መለየትን ያነሳሉ። "ጥልቅ ዘፈን" የሚል ትርጉም ባለው ካንቴ ሆንዶ ሥር ይመደባሉ። በሌላ በኩል የካዲዝ አሌግሪያስ እና የሄሬዝ ቡሌሪያስ ለደስታና ለድግስ የሚሆኑ ናቸው። ፍላሜንኮ ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ሐዘንና ፈንጠዝያ በአንድ ቤት የሚያድሩበት ጥበብ ነው።

በ12 ምት የሚሽከረከር ዓለም

ሶሌያንና ቡሌሪያስን የሚያስተሳስራቸው ኮምፓስ የሚባለው የምት ሥርዓት ነው። በሁለቱም ዘንድ ዑደቱ 12 ምቶች አሉት። ጉልሁ ምት እንደ ተለመደው ሙዚቃ በእኩል ርቀት አይወድቅም፤ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው ላይ ያርፋል። አጀማመሩ ሰፋ ያለ፣ አጨራረሱ የተጣደፈ ስለሚሆን አድማጩ መሬት ከእግሩ ሥር የተንሸራተተች ያህል ይሰማዋል።

ዜማውም እንዲሁ ሰሚውን አያሳርፍም። ጊታሩ በአራት እርከን ወደ ታች እየወረደ ይመጣና፣ መደምደሚያ ሳይሆን ጥያቄ በሚመስል ድምፅ ላይ ይቆማል። ዘፋኙ ደግሞ አንዲትን ፊደል በብዙ ጥቃቅን ድምፆች እየሰባበረ ያስረዝማታል። የሚፈለገው የጠራ ድምፅ አይደለም፤ የሻከረና የተሰነጠቀ ድምፅ ክብር አለው።

በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱት ሙዚቃ ሰውነታቸውን ሲነዝራቸው አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። ንጥረ ነገሩ የሚመነጨው ዜማው ጫፍ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን፣ አድማጩ ያንን ጫፍ በጉጉት ሲጠብቅም ጭምር ነው። ጥናቱ ስለ ፍላሜንኮ የተሠራ አልነበረም። ሆኖም ጉጉትን በማርዘም ላይ የተመሠረተ ሙዚቃ ለምን እንደሚበረታ ፍንጭ ይሰጣል።

ታዳሚውም ቢሆን ተመልካች ብቻ አይደለም። በአዝማሪ ቤት ግጥም እንደሚቀበል እንግዳ ሁሉ፣ የፍላሜንኮ ታዳሚ በጭብጨባና "ኦሌ!" በሚል ጩኸት ዘፋኙን ያበረታታል። ጊዜውን ሳይጠብቅ የሚጮህ ግን ኮምፓሱን እንዳልተረዳ ይታወቅበታል።

ዜማው ያለፈበት መንገድ

የስፔን ሮማዎች ሂታኖ ይባላሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ከሕንድ ተነስተው ወደ አይቤሪያ ልሳነ ምድር የደረሱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1499 የወጣ የንጉሣውያን ድንጋጌ ቋሚ መኖሪያና ጌታ ይዘው እንዲቀመጡ፣ አለዚያ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከዚያ በኋላ የመጡ ሕጎች ቋንቋቸውንና አለባበሳቸውን ከለከሉ።

ከሁሉ የከፋው በሐምሌ 1749 መጣ። በንጉሥ ፈርናንዶ 6ኛ ዘመነ መንግሥት በመላ አገሪቱ ያሉ ሂታኖዎች በአንድ ጊዜ እንዲያዙ ታዘዘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ፤ ወንዶቹ ወደ ባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያዎች የግዳጅ ሥራ ሲላኩ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተለይተው በሌላ ቦታ ተዘጉ። አንዳንዶቹ ነፃ የወጡት ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይተው ነው። ስለ እስር ቤት የሚያዜም ራሱን የቻለ የፍላሜንኮ ዘፈን ዓይነት መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና ፍላሜንኮ የሂታኖዎች ብቻ ሥራ አይደለም። የአንዳሉሲያ ገበሬዎች ዜማ አለበት። በ1492 የተባረሩት አይሁዶችና ከ1609 ጀምሮ የተጋዙት ሞሪስኮዎች፣ ማለትም ክርስትናን እንዲቀበሉ የተገደዱ ሙስሊሞች፣ ትተውት የሄዱት ዐሻራም ይነሳል። በሴቪያና በካዲዝ በባርነት ይኖሩ የነበሩ አፍሪካውያን ድርሻም ለረጅም ጊዜ ሳይወሳ ቆይቷል። የስፔናዊው ሚጌል አንኼል ሮሳሌስ ዘጋቢ ፊልም "ጉሩምቤ" በ2016 ይህንኑ የተረሳ ታሪክ አንስቷል።

ዱዌንዴ፦ ለመተርጎም የሚያስቸግረው ቃል

"ትዝታ" በአንድ የባዕድ ቃል እንደማይተረጎም ሁሉ፣ "ዱዌንዴ"ም በሌላ ቋንቋ አቻ አይገኝለትም። ቃሉ በስፔንኛ በቤት ውስጥ የምትኖር ተንኮለኛ መንፈስን ያመለክታል። በፍላሜንኮ ግን ዘፋኙንና ሰሚውን በአንድ ቅጽበት የሚይዝ ኃይል ነው።

ሐሳቡን በዓለም ያስተዋወቀው ገጣሚው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ1933 በቦነስ አይረስ ባቀረበው ንግግር ነው። በእርሱ አመለካከት ሌላው የጥበብ ስጦታ ከውጭ ሲመጣ፣ ዱዌንዴ ግን ከሰውየው ውስጥ፣ ከሞት ጋር ከተጋፈጠ ማንነት ይነሳል። እንደ ምሳሌ የጠቀሳት ላ ኒኛ ዴ ሎስ ፔይኔስ የምትባለውን ታላቅ ዘፋኝ ነው። በካዲዝ መጠጥ ቤት በተካነ ድምጿ ስትዘፍን ማንም አልተነካም። በኋላ ግን ጉሮሮዋን በጠንካራ አልኮል አቃጥላ፣ ውበትን ጥላ ስትዘፍን ቤቱ ተናወጠ።

ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1922፣ ሎርካና የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ዴ ፋያ በግራናዳው አልሐምብራ የካንቴ ሆንዶ ውድድር አዘጋጅተው ነበር። ዓላማቸው ንግድ እያበላሸው ነው ያሉትን ጥበብ መታደግ ነበር። "ፍላሜንኮ ሊጠፋ ነው" የሚለው ስጋት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ከሩቅ የመጣ ፍቅር

ጃፓናዊው ካዙኦ ኦኖ በ1929 በቶኪዮ "ላ አርኸንቲና" የተባለችውን ስፔናዊት ዳንሰኛ አንቶኒያ መርሴን ተመለከተ። የእርሷ ዳንስ የስፔንን ልዩ ልዩ ስልቶች ከመድረክ ጥበብ ጋር ያዋሐደ ነበር። ምስሏ ከልቡ አልጠፋም፤ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ በ1977፣ በ71 ዓመቱ ለእርሷ መታሰቢያ የሠራው ዳንስ ስሙን በዓለም አስጠራው። ዛሬ ጃፓን ከስፔን ውጭ የፍላሜንኮ ትምህርት ቤቶች ከተስፋፉባቸው አገራት በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች።

አሜሪካዊው ዶን ፖረንም በፍቅሩ ተስቦ ስፔን ከኖረ በኋላ በ1962 ስለ ፍላሜንኮ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቆይቶም በሞሮን ዴ ላ ፍሮንቴራ የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚቀበል ቤት ከፈተ። እነዚያ ተማሪዎች ከጊታሪስቱ ዲዬጎ ዴል ጋስቶር የቀሰሙት የጣት ሥራ ብቻ አልነበረም። መቼ ዝም ማለት እንደሚገባም ተምረዋል።

የማን ነው?

ፍቅሩ ሲሰፋ የባለቤትነት ጥያቄም ይነሳል። በፍራንኮ ዘመን ፍላሜንኮ ለቱሪስት መሳቢያ ሲውል፣ ሂታኖዎች ከአድልዎ አልዳኑም። ሂታኖው ካማሮን ዴ ላ ኢስላ በ1979 ኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ከፍላሜንኮ ጋር ያዋሐደ አልበም ሲያወጣ ወግ አጥባቂዎች ተቆጥተው ነበር፤ አልበሙ ዛሬ እንደ ታላቅ ምዕራፍ ይቆጠራል። በ1992 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ሕዝብ ተንጋግቶ ቀበረው። ከሂታኖ ቤተሰብ ያልተወለደችው የካታሎኒያዋ ሮሳሊያም በ2018 ባወጣችው አልበም ተመሳሳይ ክርክር አስነስታለች።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ፍላሜንኮን በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበው በምሥራቅ አፍሪካ ምድር፣ በናይሮቢ በተካሄደ ስብሰባ ነው፤ ቀኑም ኅዳር 16 ቀን 2010 ነበር። የኢትዮጵያ የመስቀል በዓል ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው መዝገብ ሰፍሯል።

መዝገብ ግን ዜማን ያስከብር እንጂ ዜመኛውን ከመገለል አያድንም። ፍላሜንኮን ከልቡ ለሚወድ ሰው ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በዘፈኑ የሚያለቅስ አድማጭ፣ ዘፈኑ ያለቀሰላቸውን ሰዎች ታሪክ ለመስማትም ጆሮ ሊኖረው ይገባል።