በር የሚመራው እግር፦ የጀጎል መንገዶች

በግንብ በታጠረው ጥንታዊው የሐረር ከተማ ክፍል፣ በጀጎል፣ መንገድ የሚጀምረው ከበር ነው። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሲሆኑ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ስለነበር ገበያተኛው ጉዞውን በፀሐይ ይለካ ነበር። ከኤረር ሸለቆ የሚወጣው ገበሬ በኤረር በር ይገባል፤ ሌላው በር ለእሱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ጅቦች እንኳ በግንቡ ሥር የራሳቸው ቀዳዳዎች ነበሯቸው።

ከበሩ ወዲያ መንገዱ ይጠብባል። ግቢዎቹ በድንጋይ አጥር ተከልለው ፊታቸውን ወደ ውስጥ ስላዞሩ፣ መተላለፊያ ሆኖ የቀረው በአጥርና በአጥር መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ስፋቱ ለእግረኛና ጭነት ለያዘ አህያ የተበጀ ይመስላል። እጅግ ጠባብ ከሆኑት አንዱ «የዕርቅ መንገድ» የሚባለው፣ የተጣሉ ሰዎች ቢገናኙበት ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ነው። ጀጎል በጠቅላላ 48 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ የጋማ ከብት ጀርባ አያስፈልግም። ፈረስ መጋላ የተባለው አደባባይ ስሙ «የፈረስ ገበያ» ማለት ነው፤ ከእሱ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወርደው መኪና ግርግር የተባለው መንገድ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከተሽከርካሪ ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው።

የመጓጓዣ ለውጥ የመጣው ከውጭ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ተራራውን መውጣት ከባድ በመሆኑ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ አለፈ። የሐረር ነጋዴ ወደ ባቡሩ ለመድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መውረድ ግድ ሆነበት። በኋላ ለመኪና የሚመች ሐረር በር ተከፈተ፤ ሰፊው መንገድም ከዚያ እስከ ፈረስ መጋላ ደረሰ። አዲሱ ከተማ ከግንቡ ውጭ በሰፋፊ ጎዳና ሲዘረጋ፣ የነዋሪው ልማድ ለሁለት ተከፈለ፦ ከግንቡ ውጭ ታክሲና ባጃጅ፣ በግንቡ ውስጥ በአብዛኛው እግር።

ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሲሚንቶና እንጨት የሚገባው ግን ዛሬም በአህያና በሰው ጫንቃ ነው።