ከአንኮበር ተራራ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቅ

አንኮበር ሐይቅ የላትም። ከሥሯ የሚፈልቁት ጅረቶች ሁሉ ገደሉን እየዘለሉ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳሉ እንጂ ተጠራቅመው አይቆሙም። ሆኖም የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የዚህችን የተራራ ከተማ ዕድል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ፥ ከእርስዋ ርቆ በበረሃና በሜዳ የተኛው ውሃ ነበረ። በረሃው ውስጥ ያለው ውሃ ጨው እየላከ ገበያዋን አሞቀላት፤ በሜዳ የሚፈላው ውሃ ደግሞ ንጉሥዋን ወሰደባት።

በቀድሞው ዘመን የሸዋ ሰው ውሃ ለማየት ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ወደ ውሃ የሚወርደው በጥምቀት ታቦት ለማጀብ፥ ደዌ ሲጸናበት ጠበል ለመጠመቅ ወይም ፍል ውሃ ለመግባት፥ ካልሆነም ለንግድና ለዘመቻ ነው። ሽርሽር የሚባለው ነገር፥ ማለት ያለ ጉዳይ ወጥቶ አየር ተቀብሎ መመለስ፥ የኋላ ዘመን ልማድ ነው። ይህን ያልለየ ሰው የአንኮበርን ታሪክ ሲመረምር ይሳሳታል፤ ነገሥታቱ ወደ ውሃ በወረዱ ጊዜ ሁሉ ከዕረፍቱ ጋራ ሌላ ጉዳይ ይዘው ነበርና።

ከ1805 እስከ 1840 ዓመተ ምሕረት ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ወደ አንኮበር የሚመጣው መንገድ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋርጥ ነበር። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ አሳል የሚባለው የጨው ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛ ስለ ሆነ፥ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ስፍራ የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነው፤ ፀሐይ ሲያተነውም በዳሩ ነጭ ጨው እንደ በረዶ ተጋግሮ ይቀራል። የአፋር ነጋዴዎች ይህን ጨው በግመል ጭነው ከአንኮበር በታች ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ያመጡት ነበር። ግመሉ ዳገቱን አይወጣምና ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በአህያ፥ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይሄዳል። እንግዲህ አንኮበሬ የአሳልን ሐይቅ በዓይኑ ባያየው እንኳ በወጡ ይቀምሰው ነበረ ማለት ይቻላል።

በ1833 ዓመተ ምሕረት የሕንድ እንግሊዝ መንግሥት የላከው ካፒቴን ኮርንዎሊስ ሃሪስ ስጦታውን አስጭኖ በዚሁ መንገድ መጣ። የአሳልን ዳርቻ ያለፈው የበጋው ሐሩር በበረታበት ወራት ነው። ሐይቁን አልፎ በነበረው ሸለቆ ውስጥ ሰፍሮ ሳለ በሌሊት አደጋ ተጥሎበት ከጭፍሮቹ ሰዎች ተገደሉበት። ከእርሱ ጋራ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትስ የጨዉን ሐይቅም የአንኮበርንም መልክ ሥሎ በኋላ በአውሮፓ አሳትሞታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ አንድ ሰው ደስ ብሎት ሊጎበኘው የሚሄድበት የሐይቅ ዳር በዚያ ዘመን ተጓዡ ነፍሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ የሚያልፈው ስፍራ ነበረ። ሃሪስ ሐምሌ ላይ ደጋውን ወጥቶ ቀዝቃዛውን የአንኮበርን አየር ሲያገኝ የተሰማው ደስታ በመጽሐፉ ውስጥ በግልጥ ይታያል። የወዳጅነትና የንግድ ውሉም በኅዳር ወር 1834 ዓመተ ምሕረት ተፈረመ።

ይኸው መልእክተኛ ንጉሡ ወደ ደቡብ ሲዘምቱ አብሮ ወርዶ የፊንፊኔን ሜዳ አይቷል። በሜዳው መካከል ምድር እየፈላ የሚያወጣው ውሃ በአገሬው ዘንድ ለቁርጥማትና ለቁስል መድኃኒት መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ሣህለ ሥላሴ በዚያ ቦታ ዐርፈው ሳሉ፥ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ በዚህ ታላቅ ከተማ ይሠራል ብለው ተናገሩ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ከተማው ከቆመ በኋላ የተነገረ ትንቢት ነው የሚል ሰው ቢኖር አይነቀፍም። የሆነው ሆኖ የሸዋ ቤተ መንግሥት ፍል ውሃውን ከምኒልክ አስቀድሞ ያውቀው እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

ከዚህ በኋላ አንኮበር መከራ አገኛት። በ1848 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ አንኮበር እንደ ገና የአባቶቻቸው መንበር ሆነች፤ ነገር ግን ንጉሡ በአንድ ስፍራ አልረጉም። ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው በልቼ ከተሙ፤ በ1870ዎቹ ዓመታት መጀመሪያም ወደ እንጦጦ ተሻገሩ። እንጦጦ እንደ አንኮበር የምሽግ ተራራ ነው፤ ብርዱና ነፋሱም አይተናነስም። ልዩነቱ ከእግሩ ሥር ባለው ሜዳ ፍል ውሃ መኖሩ ነበረ።

እቴጌ ጣይቱና ንጉሡ ከነመኳንንታቸው ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ድንኳን አስተክለው መሰንበት ጀመሩ። ሰዉ ገላውን ታጥቦ፥ በሜዳው ሙቀት ተፍታትቶ፥ ወደ ተራራው መመለሱን እየተጸየፈ ሄደ። በ1879 ዓመተ ምሕረት ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቻ በተነሡበት ወራት እቴጌ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም መሬት እየተመሩ ቤታቸውን በዙሪያው ሠሩ። እንዲህ ሆኖ ለመታጠቢያ የተተከለው ድንኳን ቤት፥ ቤቱም መናገሻ ከተማ ሆነ። በእርግጥ ምኒልክን ወደ ደቡብ የሳባቸው መታጠቢያ ብቻ አይደለም። ግዛታቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሰፍቶ ስለ ነበረ አንኮበር በመንግሥቱ ጠርዝ ላይ ቀርታ ነበር፤ የቡናውና የዝሆን ጥርሱ ንግድም ከዚያ ወገን ይመጣ ነበር። ቢሆንም መሐሉ ፊንፊኔ እንጂ ሌላ ሜዳ እንዳይሆን ያደረገው ፍል ውሃው ነው ብሎ መናገር ከእውነት አያርቅም።

አንኮበር ግን ወዲያው አልሞተችም። የመንግሥት ግምጃ ቤትና እስር ቤት ሆና ቆየች፤ የአዋሽን ቆላ ተሻግሮ የሚመጣው ነጋዴም በበርዋ ማለፉን አልተወም። ይህንን ያስቀረው የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓመተ ምሕረት ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። መንገዱም የአልዩ አምባን ዳገት ትቶ በአዋሽ፥ በአዳማ፥ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አለፈ። ከዚያ ወዲህ የግመሉ ጭነት እየቀነሰ ሄዶ የአንኮበር በር ተዘጋ ማለት ይቻላል። በዚያው ሐዲድ አዲሱ ከተማ ሐይቆችን አገኘ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፥ በዙሪያዋ ቢሾፍቱ፥ ሆራ፥ ባቦጋያ፥ አረንጓዴና ኪሎሌ የሚባሉት ሐይቆች አሉ። እነዚህ ወንዝ ሞልቷቸው የተፈጠሩ አይደሉም። ከምድር ውስጥ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋራ ሲገናኝ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ምድሩን ፈነቀለው፤ የቀረውም ጉድጓድ ውሃ አቆረ። ስለዚህ ቅርጻቸው እንደ ገበቴ ክብ፥ ዳራቸው ገደል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ዋና የማያውቅ ሽርሽረኛ ይህን አስቀድሞ ቢሰማ ይበጀዋል፤ ውሃው ከዳሩ ጥቂት ርምጃ ሳይርቅ ይጠልቃልና። አረንጓዴ የተባለው ሐይቅ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከሚበዛው ጥቃቅን የውሃ ተክል ነው። የኪሎሌ ሐይቅ ውሃም ቀድሞ ጨዋማ ሲሆን፥ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወንዝ ተጠልፎ ስለ ገባበት ጠባዩ ተለወጠ። ባቡር ከመምጣቱ እጅግ አስቀድሞ የኦሮሞ ሕዝብ በሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ እየተሰበሰበ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርብ ነበር፤ ዛሬም ያቀርባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሽርሽረኛ እንግዳ እንጂ የስፍራው መጀመሪያ አክባሪ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል።

የባቡሩ ቀጥሎም የመኪናው መንገድ የከተማውን ሰው ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰው ጀመር። ዐፄ ኀይለ ሥላሴም በዚያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ከተማዪቱ ለጊዜው ደብረ ዘይት ተብላ ከቆየች በኋላ የቀድሞ ስምዋ ተመልሶላታል። ዛሬ የሐይቆቹ ዳር በየእንግዳ ማረፊያው አጥር ተከፋፍሎ፥ ገንዘብ የሌለው ሰው ውሃውን ከሩቅ እያየ የሚመለስበት ስፍራ በዝቷል። አባቶቻችን ፍል ውሃውን ለድኻውም ለመኳንንቱም ክፍት አድርገው ያዩት ከነበረው ጋራ ይህ ሲነጻጸር የሚያስመሰግን አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎም በ1952 ዓመተ ምሕረት የአዋሽ ወንዝ በቆቃ ተገድቦ ሰፊ ሐይቅ ሆነ፤ ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኀይል ቢሆንም ዓሣ አጥማጁና ጀልባ ቀዛፊው አልዘገዩበትም።

ይህ የቆቃ ውሃ ግድቡን አልፎ ሲወርድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ፥ ከአንኮበር ገደል በታች ያለውን ቆላ እያጠጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ አቤ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በአንኮበር በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው፥ ሰማዩ በጠራ ቀን፥ ያንን የአዋሽ ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ኮረብታው ላይ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ከተሜ የፍርስራሹን ድንጋይ፥ ጭላዳውን፥ ጥድና ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ የሞላበትን የወፍ ዋሻን ደን፥ በስምዋም የተጠራውን ትንሽ ወፍ ለማየት ይመጣል። ጥቂቶችም ሌት ማረፊያን ይጠይቃሉ፤ ይህም ምኒልክ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት፥ ወፍ ሰብሳቢው ሽማግሌ አንቲኖሪ በ1874 ዓመተ ምሕረት ሞቶ የተቀበረበት ስፍራ ነው። ጉም ከቆላው መውጣት ሲጀምር መኪኖቹ ተሰልፈው ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳሉ፤ ከተራራው ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያም ግመሉንና ሻጩን ይዞ በቆላው ሙቀት ይውላል።