ካርቱም ላይ የተፈተነው የኋላ መስመር

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመት ያለፋት ሱዳን በዋና ከተማዋ ካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተበትን ጉባኤ አስተናገደች። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የኛን ወገን የወከለው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተጀመረ።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ቀላቅሎ አንድ ቡድን አልልክም በማለቱ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ተገለለች። እሷን የማግለሉ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ስናነበው ደረታችንን የሚያስነፋ ነው። ለተከላካዮቻችን ግን ከባድ ዋጋ ነበረው። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 ስትረታ ተሟሙቃ፣ መስመሯን አስተካክላ ለፍጻሜው ደረሰች። የኛ ልጆች አንድም ጨዋታ ሳያደርጉ የካቲት 9 ቀን በቀጥታ ለዋንጫ ሜዳ ገቡ። አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ አጥቂ አራት ጊዜ መረባችንን ነካ። ውጤቱ 4 ለ 0፤ አራቱም የአንድ ሰው ግቦች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን በአጥቂዎቻችን ዝና የተሞላ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሳ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈናል። የሉቻኖ ቫሳሎን፣ የወንድሙን የኢታሎንና የመንግሥቱ ወርቁን ግቦች አባቶቻችን እንደ ተረት ነግረውናል። ነገር ግን በሁለቱም ጨዋታ ሁለት ሁለት ግብ ተቆጥሮብናል። በእኔ እምነት ያ ቡድን ድል ያደረገው የገባበትን በላቀ ብዛት እየመለሰ ነው፤ ድሉ ደግሞ የኋላ መስመራችንን ክፍተት ሸፈነው።

ክፍተቱ በ1962 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ላይ ተገለጠ። ሱዳን 3 ለ 0፣ ካሜሩን 3 ለ 2 አሸነፉን። በሦስተኛው ጨዋታ አይቮሪኮስት ስድስት ግብ አስቆጥራ አንድ ተቆጠረባት፤ አምስቱን ያገባው ሎረን ፖኩ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሀገራችን በተካሄደው ውድድር ባሳየው ብቃት «የአስመራው ሰው» የሚል ስም ያተረፈ አጥቂ ስለነበር፣ ተከላካዮቻችን ከማያውቁት ሰው ጋር አልተገናኙም። በሦስት ጨዋታ አሥራ ሁለት ግብ ገባብን። ዋንጫውን ጋናን 1 ለ 0 በመርታት የወሰደችው ሱዳን በበኩሏ በአምስት ጨዋታ የተቆጠሩባት ሦስት ብቻ ናቸው። ለሻምፒዮንነት ያበቃት ይህ ጥብቅ መከላከል ይመስለኛል።

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ስንቆይ፣ መመለሻ በራችንን የያዘችውም ሱዳን ሆነች። ጳጉሜ 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ እንደገና አምስት ግብ ገባብን፤ ሆኖም ሦስት አስቆጥረን ተመለስን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ተከላካዩ ደጉ ደበበ በአምበልነት የሚመራው የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ስለሆነ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ብልጫ አለፍን። ስለዚያ ቀን ሲወራ የአዳነ ግርማና የሳላሃዲን ሰይድ ግቦች ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። ሱዳን አንዲት ግብ ብታገባ ኖሮ ግን ያ ስሌት ይፈርስ ነበር፤ ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ አንድም እንዳይገባ ያደረጉት ተከላካዮቹና በረኛው ናቸው።