የሌሊት እንቅልፍና ገበያው

ከአልጋ ሥር ፖፖ እያየን ያደግን ሁሉ የአያቶቻችንን የሌሊት መነሣት እናውቃለን። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ታዲያ ይህ ነገር እንዴት ሆኖ የገበያ ጉዳይ ሆነ? ታሪኩን ከሥሩ እንመርምር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)።

በ1913 ፎን ዴን ፌልደን በጀርመን፣ ፋሪኒ በኢጣልያ፣ በየፊናቸው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአንጎል ሥር ካለችው አተር ከምታህል ዕጢ የተገኘ ጭማቂ ሲወጋ፣ ቀን ከሌሊት ሽንት የሚበዛበት በሽተኛ ፋታ ያገኛል። ቅመሙን፣ ቫሶፕሬሲንን፣ አሜሪካዊው ዱ ቪኞ በ1950ዎቹ በላቦራቶሪ ሠራው። በ1967 ደግሞ የፕራግ ሊቃውንት፣ ዛኦራልና ጓደኞቹ፣ ኃይሉ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየውን ዴስሞፕሬሲንን አስገኙ። በመንግሥት አካዳሚ የተገኘውን ይህን ግኝት ፌሪንግ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ለገበያ አበቃው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያ ሕመም ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሊት የሚነሡ አረጋውያን ግን ሚሊዮኖች! በ2002 አንድ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር ትርጉም አወጣ፤ ለሽንት በሌሊት አንድ ጊዜም ቢሆን መንቃት ስም ተሰጠው። በዚህ ሚዛን ከሄድንማ የማን አያት ይቀራል?

በመጋቢት 2017 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ጉዳይ ኖክቲቫ የተባለውን የአፍንጫ ርጭት ፈቀደ። በሙከራው፣ መድኃኒት የሌለበትን ርጭት ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር የታየው ልዩነት በአማካይ በሌሊት ከግማሽ ጊዜ እንኳ አይሞላም። በማሸጊያው ላይ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ ሰፈረ፤ የደም ሶዲየም ወርዶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፣ አደጋውም በሽማግሌዎች ላይ ይበረታል። ለእነሱ ታስቦ እነሱኑ የሚያሰጋ! ገበያውም አልቀናውም፤ ሻጩ የአቫዴል ቅርንጫፍ በ2019 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ።

መድኃኒቱን አንጠላም፤ ሽንት ለሚያሰቃየው በሽተኛ እፎይታ ነው። የምንለው ይህን ነው፦ አያት ሌሊት ደጋግመው ሲነሡ ስኳር ይሁን፣ ልብ ይሁን፣ የመሽኛ ዕጢ ይሁን አስቀድሞ ይመርመር። ስም ስለወጣለት ብቻ ሁሉም በሽታ አይሆንም፤ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ ስንፍና ነው። ሁለቱም ሽማግሌውን ሳይጠይቁ የሚፈርዱ ናቸውና።