በስሜ ማን ተበደረ? የገበሬው ስም፣ የብድርና የመዝገብ አጭር ታሪክ



በእንዲህ ያለው የምሥረታ በዓል ስለ ተሠራው መጋዘን፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ መናገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በመዝገብ ቤቱ ላይ ያተኩራል። ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሁሉ በፊት የሰዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ ነውና። ያ ስም በትክክል ሲያዝ አባሉ እፎይ ብሎ ያድራል፤ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ግን አባሉ ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በቤተሰባችን ደርሷል። አጎቴ በደምበጫ አካባቢ በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ የማዳበሪያ ቅድመ ክፍያ ይዘው ቢሄዱ «ካለፈው ዓመት የሁለት ኩንታል ውዝፍ አለብዎ፤ እሱን ሳይከፍሉ አዲስ አይሰጥዎትም» ተባሉ። እሳቸው ግን የወሰዱትን በጥር ወር ከፍለው ደረሰኝ ተቀብለዋል። ውሉ ይታይልኝ እያሉ ሳምንታት ተመላለሱ። በመጨረሻ መዝገቡ ሲገለጥ ከስማቸው ትይዩ የተገኘው የጣት አሻራ ነበር። አጎቴ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ስማቸውን መጻፍ ከቻሉ ወዲህ አንድም ቀን በጣት ፈርመው አያውቁም። ውሸቱ በዚህ ተጋለጠ፤ ዕዳውም ተሰረዘ። ይሁን እንጂ የበቆሎው መዝሪያ ጊዜ አልፎ ነበርና በዚያ ማሳ ላይ ያለ ማዳበሪያ ዳጉሳ ተዘራበት። ስማቸው ተመለሰ፤ ያመለጣቸው ክረምት ግን አልተመለሰም።

ከቁራኛ እስከ ግብር ደረሰኝ

በጥንቱ ዘመን ብድር የሚያዘው በቃልና በዋስ ነበር። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ የሚውልበት የቁራኛ ሥርዓትም ነበር። ጭካኔው እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ዘመን ተበዳሪው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሁሉም በዓይኑ ያየዋልና። የሰው ስም ከሰውየው ተለይቶ በወረቀት ላይ መኖር ሲጀምር ግን ሌላ ችግር መጣ።

በጎጃም ይህ በርስት ጉዳይ ጎልቶ ይታይ ነበር። አለን ሆበን የተባሉ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ1950ዎቹ በጎረቤታችን በደጋ ዳሞት ተቀምጠው የርስትን ሥርዓት አጥንተዋል። ገበሬው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ነበር። በዚህ መካከል የግብር ደረሰኝ በማን ስም እንደ ተቆረጠ በችሎት ፊት ትልቅ ማስረጃ ይሆን ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ በብዙ ወረዳ የተነሣው ለብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ሲለካና ስሜ ሲመዘገብ ርስቴ ከእጄ ይወጣል ብሎ ስለ ሠጋም ነበር። መንግሥት ጦር ካዘመተ በኋላ ግብሩን ለማስከፈል የያዘውን ዕቅድ ትቶታል። ገበሬው ያላየው መዝገብ የሚያስፈራ መሆኑ ከዚህ ታሪክ ይታያል።

የማዳበሪያ ብድርና ስም

የኅብረት ሥራ ሕግ በአገራችን በድንጋጌ ቁጥር 44/1953 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 241/1958 ሰፍቷል። በደርግ ዘመን ገበሬው በቀበሌ ገበሬ ማኅበር ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ ላይ እንዲመሠረቱ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ዳፕና ዩሪያ በብድር በስፋት ይታደል ነበር፤ ለብድሩም የክልሉ በጀት በዋስትና ይያዝ ነበር። ብድሩ ያልተመለሰ እንደሆነ ክልሉ ስለሚጎዳ የማስመለሱ ሥራ ጥብቅ ነበር። በ1989 ዓ.ም. አክሲዮን ማኅበር ሆኖ የተመዘገበውና በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። በቡድን ብድር አንዱ አባል ባይከፍል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ስም የተሠራ ማጭበርበር የሚነካው ያንን ሰው ብቻ አይደለም፤ ዋሶቹንም ነው።

በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። የአያት ስም ካልተጻፈ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል። ይህ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ለሚፈልግ ሰው ግን መደበቂያም ይሆናል። የሞተ ሰው ስም ከመዝገብ ሳይወጣ ሲቀርም እንዲሁ ነው።

በዚህ ረገድ የመሬት ይዞታ ደብተር ጥሩ ትምህርት ሰጥቶናል። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ሁለት ቀበሌዎች አንዷ በጎዛምን ወረዳ የምትገኘው አዲስና ጉሊት ነበረች። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲወጣ መደረጉ ስም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያሳያል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በአሜሪካ ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ በ1841 እ.ኤ.አ. የነጋዴዎችን የብድር ጠባይ እየመዘገበ ለአበዳሪዎች መረጃ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በዙ፤ ተበዳሪው ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየት መብት በፌዴራል ሕግ ያገኘው ከ129 ዓመት በኋላ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ እያንዳንዱ ሰው መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ እንዲያይ ተፈቀደ። ይህ የሆነው የሌላውን ስምና መታወቂያ ቁጥር ይዘው የሚበደሩ ሌቦች ስለበዙ ነው። ተበዳሪው መዝገቡን ካላየ መዘረፉን የሚያውቀው ዕዳ ሲጠየቅ ነው።

በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ የሚሰበሰብበትን ማዕከል የሚመለከት መመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን ሕጋዊ አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ፋይዳ አሻራንና የዓይን ምስልን ስለሚይዝ በሌላው ስም መበደርን ያከብዳል። ነገር ግን ማሽኑ የሚጠብቀን መዝገቡን ስናይ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አባላት፣ በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ወደ ማኅበራችሁ ሄዳችሁ የብድርና የዕጣ መዝገባችሁን ጠይቁ። ከባንክ የተበደራችሁ ከሆነም የዕዳችሁን መግለጫ ውሰዱ። ደረሰኝ አትጣሉ። ባዶ ቅጽ ላይ አትፈርሙ፤ በጣት የምትፈርሙ ከሆነ የምታምኑት ሰው ካነበበላችሁ በኋላ ይሁን። የይዞታ ደብተራችሁንም ሆነ የመታወቂያችሁን ቅጂ ለማንም አታውሱ። በስልክ የሚላክላችሁን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አትንገሩ። አባል ሲሞት ቤተሰቡ ወዲያው ለመዝገብ ቤት ያስታውቅ።

አመራሮች ደግሞ የተበዳሪዎች ስም ከነአያት እንዲጻፍ፣ ዝርዝሩም ማዳበሪያ ከመታደሉ በፊት በጉባዔ ፊት እንዲነበብ ብታደርጉ ብዙ ክስ ይቀራል። ሂሳብ በየዓመቱ መመርመሩ የአዋጁ ግዴታ ነው፤ አባሉ ስሙን ሲጠይቅ በዚያው ዕለት ማሳየት ደግሞ የሥራ ክብር ነው። አጎቴ ሳምንታት የተመላለሱበት ነገር መዝገብ ገልጦ በማሳየት የሚያልቅ ነበር።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በጽሑፍ ያለው ሐሰት ከሆነም ለልጅ የሚወረሰው ሐሰቱ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ማግስት እያንዳንዳችን ወደ መዝገብ ቤቱ ጎራ ብለን «በስሜ ምን ተጽፏል?» ብለን እንጠይቅ።

መልካም በዓል!