እጅ ከመንሳት ወደ እጅ ማንሳት

አማርኛ አንዳንዴ ታሪክን በአንዲት ፊደል ውስጥ ይሸሽጋል። “እጅ መንሳት” እና “እጅ ማንሳት” የሚሉትን ሁለት አባባሎች እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የፊተኛው ዝቅ ማለት ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ነጠላን ከትከሻ አውርዶ ለበላይ የሚቀርብ ሰላምታ። የኋለኛውን ዛሬ መንገድ ላይ እናየዋለን፤ በብስክሌት የሚመጣ ሰው ሌላ ብስክሌተኛ ሲያይ አንድ እጁን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ “ሰላም ነው?” ብሎ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት የ“መ” እና የ“ማ” ናት። በዘመን ስንለካት ግን መቶ ዓመት ገደማ ታስኬዳለች።

“ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለው። መንገድ ላይ ማን ለማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ ማን ከምን ላይ እንደሚወርድ፣ ማን ቆሞ ማን እንደሚያልፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የአገሩን ሥርዓት ያለ አስተማሪ ሊያነብ ይችላል።

ከበቅሎው ዘመን እንጀምር። ያን ጊዜ ፈረስ በይበልጥ የጦር ሜዳ እንስሳ ነበር፤ ለመንገድ ግን መኳንንቱም፣ ቀሳውስቱም፣ ወይዛዝርቱም የሚመርጡት በቅሎን ነው። መንገድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት በዓይናቸው ይመዛዘናሉ። የበቅሎዋ ግላስ ምን ይመስላል? ከኋላ የሚከተለው አሽከር ስንት ነው? ጋሻ የያዘ አለ? ሚዛኑ ከታወቀ በኋላ ሰላምታው ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ታናሹ ከበቅሎው ይወርዳል። እግረኛ የሆነው ከመንገዱ ገለል ብሎ፣ አደግድጎ፣ እጅ ይነሳል። እኩያሞች ከሆኑ ደግሞ “በሞቴ፣ አይውረዱ!” “ኧረ እንዴት ተደርጎ!” እየተባባሉ ሁለቱም ወርደው ይገናኛሉ። ባለበቅሎው ጌታም ቢሆን የሚወርድበት ቦታ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል፤ አስከሬን ሲያልፍም ይወርዳል። በእግዜርና በሞት ፊት የበቅሎ ወግ አይሠራም ነበርና።

ይህ ሰላምታ የመዋረጃ ሥርዓት ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ግን ግማሹን ታሪክ መተው ነው። ስልክና ሬዲዮ ባልነበረበት አገር የመንገድ ሰላምታ የዜና ማሠራጫ ነበር። “ከወዴት መጡ? አገር ሰላም ነው? ዝናቡ እንዴት ነው? ወንዙ ሞልቷል? ሽፍታ አለ?” እየተባለ ይጠያየቃል። ከላይ የሚመጣው የሚያውቀውን ለታች መጪው ይነግራል፤ ታች መጪውም እንዲሁ። አንድ የሞላ ወንዝ ቀድሞ የሰማ ሰው ሕይወቱን ያተርፍ ነበር። “ሰላምታ የእግዜር ነው” ያሉት አበው፣ የማያውቁትን ሰው ሰላም ማለት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ያወቁ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው ጊዜ ይፈጅ ነበር። የምሥራቁ ዓለም የመንገድ ሰላምታ ሁሉ ረጅም ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ክርስቶስ ሰባውን ሰዎች ሲልክ በመንገድ ከማንም ጋር ሰላምታ እንዳይለዋወጡ ያዘዛቸው፣ ነቢዩ ኤልሳዕም ሎሌውን ግያዝን ወደ ሞተው ሕፃን ሲልክ ሰው ቢያገኝ ሰላም እንዳይል የነገረው፣ ሰላምታን ጠልተው አይደለም። ሰላምታ ከተጀመረ ፀሐይ ሊጠልቅ እንደሚችል ያውቃሉና ነው።

በእስልምናም ስለ መንገድ ሰላምታ የተደነገገ ነገር አለ። በሐዲስ እንደሚነገረው በእንስሳ ላይ ያለው ለእግረኛው፣ እግረኛው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶቹም ለብዙዎቹ ቀድመው ሰላም ይላሉ። ልብ በሉ! እዚህ ላይ ሰላምታውን የሚጀምረው ከላይ ያለው ነው። ከፍ ያለው፣ ፈጣኑ፣ ጉልበት ያለው፣ ዝቅ ላለው “ከእኔ ክፉ አይደርስብህም” ብሎ ቀድሞ ያረጋግጥለታል። የመኳንንቱ የበቅሎ ወግ ደግሞ በተቃራኒው ከታች ያለው እንዲጀምር ያዛል። ሁለቱም ወጎች በዚህችው አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ገበያ መንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን ኖረዋል። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ሲቆም መንገዱ ተለወጠ፤ ወጉ ግን ባለበት ቆየ። በቅሎውን የተካው መኪና ነው፤ ሰውየው ያው ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ብቅ ሲል እግረኛው ጎንበስ ይላል፤ ባለመኪናውም መኪናውን ዳር አስይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወርዶ እጅ ይነሳል። ከበቅሎ መውረድ ከመኪና መውረድ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው የ1966ቱ አብዮት ይህን በአንድ ጊዜ ጠራረገው። “ጌታዬ” ቀርቶ “ጓድ” መጣ፤ የጎበጠው ወገብ ተቃንቶ የተጨበጠ ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ያም እጅ ማንሳት ነው ካላችሁ ነው። ነገር ግን በትእዛዝ የተነሳ እጅ ነበር፤ ያላነሳው ሰው ለምን እንዳላነሳ ይጠየቃል። በውድ የተነሳው እጅ በሌላ በኩል፣ ማንም ሳያዘው፣ በሁለት ጎማ ነው የመጣው።

በቅሎን “አባትሽ ማነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” አለች ይባላል። ብስክሌትም ብትጠየቅ ይህንኑ መመለሷ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ያወጣው የመጀመሪያው መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ሰውዬው እንደ እንስሳ ተቀምጦበት በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሮጥ ነበር። ፔዳሉ በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ተጨመረ። ከዚያ የፊት ጎማው እየተለቀ ሄደና ባለብስክሌቱ ከባለፈረሱ እኩል ከሰው አናት በላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱን ጎማዎች አስተካክሎ፣ የኋላውን በሰንሰለት የሚያዞር ብስክሌት ሲያወጣ ነጂው ወደ ምድር ወረደ። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ጨመረበት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የ1885ቱ ነገር ነው። ብስክሌተኛው ከእግረኛው ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይበት ቁመት ላይ ደረሰ። ዓይን ለዓይን የሚተያዩ ሰዎች ደግሞ አንዱ ለሌላው ለመውረድ ምክንያት የላቸውም።

ወደ እኛ ቀጣና ብስክሌት በብዛት የገባው በጣሊያኖች በኩል ለመሆኑ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስንለያይ የምንለው “ቻው” ሳይቀር ከዚያው ነው። ጣሊያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፤ እኛ ለመለያያ ብቻ አስቀረነው። የሚገርመው ግን የቃሉ ሥር ነው። በቬኒስ ሰዎች አነጋገር “ባሪያህ ነኝ” ማለት ነበር። እጅ መንሳት ነበር ማለት ነው! በጊዜ ብዛት ባርነቱ ከቃሉ ረግፎ ፍቅሩ ብቻ ቀረ። ሰላምታ እንዲህ ነው፤ ጌታና ሎሌ የፈጠሩትን ቃል ጓደኛሞች ይወርሱታል።

ብስክሌት በራሱ ሰውን እኩል ያደርጋል ብዬ ላታልላችሁ ግን አልፈልግም። አሥመራን ተመልከቱ። በፋሺስቱ ዘመን የብስክሌት ክበቡ ለጣሊያኖች ነበር፤ ኤርትራውያን አይገቡበትም። እ.ኤ.አ. በ1939 አብረው እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ ጣሊያኖቹን ቀድሞ ገባ። ሰላምታ የነፈጉት ሰዎች ጀርባውን እያዩ ተከተሉት። የኤርትራ ዙር ውድድር በ1946 ተጀመረ። ከዚያ ሰባት አሥርት ያህል ቆይቶ፣ በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የተራራውን ማልያ ለበሰ፤ በ2024 ቢኒያም ግርማይ ሦስት የቀን ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። በእኛም በኩል በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መሃል አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሻምፒዮናዎቹ ሳይሆን የዕለት ተዕለቱ ብስክሌት ነው። ባሕር ዳርን አስቡ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዷ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከዚያም ፖሊቴክኒኩ ሲከፈቱ ሠራተኛውና ተማሪው ብስክሌት ላይ ወጣ። መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ወዛደሩ፣ ዳቦ አመላላሹ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይሄዱ ነበር። እዚያ ነው አዲሱ የሰላምታ ወግ የተወለደው። እኩያ ለእኩያ እጅ ይነሳል፤ “ይነሳል” ስል ማንሳቱን ነው። ዳገትና ንፋስ ካለ፣ ወይም አንዱ እጅ ዕቃ ከያዘ፣ አገጭ ብቅ ማድረግ ይበቃል። የሚተዋወቁ ከሆኑ ፍጥነት ቀንሰው ጎን ለጎን እየነዱ ያወጋሉ። ጎማው ተንፍሶበት የቆመ ሰው ከታየ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ “ምን ሆነህ ነው? መንፊያ ልስጥህ?” ይባላል። ለሽማግሌ ደግሞ ወጣቱ ፔዳል መምታቱን ያቆምና፣ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ይቺን የመጨረሻዋን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ወርዷል እንዳይባል አልወረደም፤ አልወረደም እንዳይባል ከኮርቻው ተነስቷል። የበቅሎው ዘመን አክብሮት ተርፎ፣ የበቅሎው ዘመን ፍርሃት ቀርቶ ማለት ይሄ ነው።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ባጃጁ መጣና ብስክሌቱን ገፋው። ባጃጅን አልወቅስም፤ ነፍሰ ጡሯን ሐኪም ቤት፣ አሮጊቷን ገበያ ያደርሳል፤ ለስንት ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ግን ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የነጂውን ማጅራት ነው። ከተማው ሄዶ ሄዶ ማንንም ሳያገኝ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰላምታ ከናካቴው ጠፋ ማለት አይቻልም። ሁለት የሚኒባስ ሾፌሮች መሃል መንገድ ላይ መስኮት ለመስኮት ቆመው፣ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ጡሩንባውን እስኪያቀልጠው ድረስ ስለ ቤተሰብ ሲጠያየቁ ያላየ አለ? የአገር አቋራጭ ሾፌሮችም በመብራት ብልጭታ ሰላም ይባባላሉ፤ ከፊት ትራፊክ ፖሊስ መኖሩንም በዚያው ይነጋገራሉ። የድሮው የበቅሎ መንገድ ዜና ማሠራጫ በዚህ መልኩ ቀጥሏል። ልብ ካላችሁት ግን ሰላምታው ከብጤ ወደ ብጤ ነው። ሾፌር ለሾፌር፣ ብስክሌተኛ ለብስክሌተኛ። ሾፌሩ ለእግረኛው፣ ባለ ትልቁ መኪና ለባለ ብስክሌቱ ያለው ድምፅ ጡሩንባ ብቻ ነው። ጡሩንባ ደግሞ ሰላምታ አይደለም፤ “ከበቅሎህ ውረድ” የሚለው የድሮ ትእዛዝ በአዲስ ቋንቋ ነው።

በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች በተመረጡ እሑዶች ለመኪና ሲዘጉ ሕዝቡ በእግሩም በብስክሌቱም ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠመረ። መስመሩ ጥሩ ነው። ግን ቀለም ብቻውን ሰው አያድንም። መንገድ ላይ ብስክሌተኛን የሚያድነው መታየቱ ነው። ሰላምታ ማለት ሌላ ምንም ሳይሆን “አይቼሃለሁ” ማለት ነው። አሽከርካሪው በመስታወት ውስጥ እጁን ብድግ አድርጎ “እለፍ” ሲለኝ ልቤ የሚረጋው አክብሮኝ ብቻ አይደለም፤ ማየቱን ስላወቅሁ ነው። ያልታየ ብስክሌተኛ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ኋላ እመለሳለሁ ወዳልኩት ወግ ልመለስ። ከሁለቱ የመንገድ ሥርዓቶቻችን አንዱን ቀብረናል፤ ትንሹ ለትልቁ የሚወርድበትን። ሌላው ግን፣ ከላይ ያለው ከታች ላለው ቀድሞ ሰላም የሚልበት፣ ለዛሬው መንገድ የተሰፋ ይመስላል። ባለ ከባዱ መኪና ለባለ ቀላሉ፣ ባለ መኪናው ለብስክሌተኛው፣ ብስክሌተኛው ለእግረኛው፣ እግረኛው ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌ ቢጀምር ምን ይጎድልብናል? መንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን በአንድ ቀን ትምህርት ሊያስገቡት ይችላሉ። አያቶቻችን ለበላይ ሲሉ ከበቅሎ ወርደዋል። ከእኛ የሚጠየቀው አንዲት እጅ ማንሳት ናት፤ ያውም ለደቂቃ እንኳ የማትሞላ።