ከቀብር እስከ ትንሣኤ፦ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ክርስቲያኖች ስለ ሙታን ያላቸው እምነትና ልማድ

መግቢያ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦና በጌራ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ሙታን እንደሚነሡ ያምናሉ። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም ክርስቶስ ዳግመኛ እንደሚመጣ፣ በሕያዋንና በሙታን ላይ እንደሚፈርድ፣ የዘላለም ሕይወትም እንዳለ በአንድ ቃል ይናገራሉ። የሚለያዩት በመካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ የት ትቆያለች? በሕይወት ያለ ሰውስ ለሞተው ወገኑ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አለ?

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ልዩነቱ እውነተኛ የነገረ መለኮት ልዩነት ስለሆነ ለጉርብትና ሲባል «ሁሉም ያው ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ዕድርተኛ በረጅም ልምድ የሥጋውን ነገር የሁሉም፣ የነፍሱን ነገር የየእምነቱ አድርጎ ለይቷል፤ ይህንን ልየታ የትንሣኤ ትምህርት ራሱ ይደግፈዋል።

የአካባቢው ገጽታ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ መሠረት ከጅማ ዞን ነዋሪዎች 85.65 በመቶው ሙስሊም፣ 11.18 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 2.97 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበሩ። በጅማ ከተማ ግን ኦርቶዶክሱ 46.84፣ ሙስሊሙ 39.03፣ ፕሮቴስታንቱ 13.06 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። በከተማው አንድ ክርስቲያን ሲሞት ቀባሪው ከሦስቱም ወገን ይመጣል፤ በገጠሩ ቀበሌ ደግሞ አስከሬኑን ከሚሸኙት አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንዱ ስለ ሞት የሚያምነውን ሌላው በቀብር ላይ ቆሞ ያየዋል፣ ይሰማዋል።

ክርስትና በዚህ ምድር የትናንት እንግዳ አይደለም። ዛሬ የሊሙ ቡና የሚበቅልበት አገር በከፊል የጥንቷ የእናርያ ግዛት ነበር፤ የእናርያ ገዥዎችም በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን ተጠምቀዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የጊቤ መንግሥታት እስልምናን ተቀበሉ። ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ሲያስተምሩ በዚያ የቀድሞ ክርስትና ርዝራዥ አግኝተዋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ በሰላም ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር እንደያዙ ቆዩ፤ ይህም እስከ 1932 ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ በአስተዳደር፣ በንግድና በቡና ሥራ ምክንያት ከየአቅጣጫው የመጣው ክርስቲያን የየራሱን የቀብር ሥርዓት ይዞ ገባ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ነው። የጻድቅ ነፍስ ወደ ገነት፣ የኃጥእ ነፍስ ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ፣ ነፍስ ከሥጋ ጋር ዳግም ስትዋሐድ የሚወረሱ ናቸው። ስለ ሙታን የሚደረገው ጸሎት በሙሉ የቆመው በዚህ ልየታ ላይ ነው። የመጨረሻው ፍርድ ገና ስላልተሰጠ የቤተ ክርስቲያን ምልጃ ቦታ አለው።

ይህ ሐሳብ በአገራችን ጥንታዊ መሠረት አለው። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 22 የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸውን ሥፍራዎች ይገልጻል፤ ለጻድቃን የተለየው ሥፍራ ብርሃንና የውኃ ምንጭ አለው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የባለጠጋውና የአልዓዛር ታሪክም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ነፍሳት ከሞት በኋላ እንደየሥራቸው ተለይተው ይቆያሉ የሚለው ትምህርት ለግእዙ አንባቢ በቅዱሳት መጻሕፍቱ ውስጥ የሚያገኘው ነገር ነው።

ሥርዓቱ ትምህርቱን ይከተላል። ካህናት በመጽሐፈ ግንዘት ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። የነፍስ አባት ሟቹ ሳይፈጽመው የቀረ ንስሐ ካለ ቤተሰቡ በጸሎትና በምጽዋት እንዲያግዘው ይመክራሉ። ከዚያ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይከተላሉ። ሦስተኛው ቀን ከጌታ ትንሣኤ፣ አርባኛው ቀን ከዕርገቱ ጋር ተያይዞ ይታሰባል። የተዝካር ልቡ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ ድግሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አቋም

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን በመጸለይ ከኦርቶዶክሱ ጋር ትስማማለች፤ ነገር ግን በጸጋ የሞተ ሆኖም ፍጹም ያልነጻ ሰው የሚነጻበት ሁኔታ እንዳለ በተለየ ድንጋጌ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1439 የፍሎረንስ ጉባኤ ይህንን ወስኗል። ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ወደዚያው ጉባኤ ቢደርሱም ይህ ትምህርት የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አልሆነም።

በጅማ ያሉት የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል ምእመናን ደግሞ ሰው የሚድነው በሕይወቱ ሳለ በክርስቶስ በማመን ነው፣ ከሞት በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም ይላሉ። ያመነው ወዲያው ከጌታ ጋር ነው። በቀብራቸው ላይ መዝሙር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘመራል፣ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ ሰባኪው የሚናገረው ለቆሙት ነው። ተዝካር የለም፤ በየምሽቱ ለቤተሰቡ የማጽናኛ ፕሮግራም ይደረጋል። ፕሮቴስታንቱም በአንድ ድምፅ አይናገርም፤ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ምንም ሳያውቁ አንቀላፍተው ይቆያሉ ብለው ያስተምራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 የተነሣው በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የስርየት ወረቀት ሽያጭ ላይ ነበር፤ ያ ሽያጭ ደግሞ የተመሠረተው በመንጻት ሥፍራ ትምህርት ላይ ነው። የእኛ ወንጌላውያን ይህንኑ ክርክር እንዳለ አንሥተው በተዝካር ላይ ሲያውሉት ያልተባለውን እንደተባለ አድርገው ይሞግታሉ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያንን ትምህርት አልደነገገችምና። ጠንካራው ጥያቄያቸው ሌላ ነው፦ የሰው ሥራ ለሌላ ሰው መዳን ሊቆጠር ይችላል ወይ የሚለው። በአንጻሩ ፕሮቴስታንቱ ለሟቹ ባለመጸለዩ «ሙቱን ጣለው» የሚሉ ኦርቶዶክሶችም ይስታሉ። ዝምታው የመጣው ሰውየው ቀድሞውኑ በጌታ እጅ ነው ከሚል እምነት ነው።

ዕድሩና ድንኳኑ

ለቅሶ ሲነገር የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ጎልማሶች መቃብር ሊቆፍሩ ይሄዳሉ፣ ጸሐፊው መዝገብ ይዞ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ሃይማኖት አይለይም። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ሙስሊሙ ዕድርተኛ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ፕሮቴስታንቱ ከኋላ ሆኖ በልቡ ለቤተሰቡ መጽናናት ይጸልያል። አፈር ሲመለስ ግን አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከቀብር መልስ ንፍሮና ቡና ይቀርባል፤ ይህን ሁሉም ይቀምሳል። ጭንቁ የሚመጣው በአርባው ድግስ ነው። ሥጋ ከሆነ ለሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት ደግሞ «ለነፍስ የተደረገ ነው» ብሎ ይቀራል፣ ወይም «ጎረቤቴን ላጽናና» ብሎ ይገባል። ሁለቱም ምርጫዎች ከእምነቱ ጋር ሊስማሙ ይችላሉ።

የኢኮኖሚው ጉዳይም በቡና አገር መልኩ የተለየ ነው። የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ የሞተ ሰው አርባ የሚውለው ቤቱ ባዶ በሆነበት ክረምት ነው፤ ለድግሱ ሲባል መጪው ቡና ገና በዛፉ ላይ ሳለ ቢሸጥ ወይም ብድር ቢገባበት የሟቹ ልጆች ይጎዳሉ። በትምህርቱ ግን ለሟቹ የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድሃ የሚሰጠው ነው። ድግሱን መቀነስ ሃይማኖትን መቀነስ አይደለም፤ ካህናት ይህንን በግልጽ ቢያስተምሩ ብዙ ቤት ያድናሉ።

ውይይት

ክርክሩ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በሙስሊሙም ዘንድ ለሟች በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ወይም በአርባኛው ቀን ሰደቃና ዱአ የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ከነቢዩ ሱና ውጭ ነው ብለው የሚቃወሙም አሉ። ሕያዋን ሙታንን ይረዳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ሃይማኖቶች ውስጥ ጎራ ይለያል። ይህን የሚያውቅ የጅማ ሰው የጎረቤቱን ክርክር ሲሰማ የራሱን ቤት ክርክር ያስታውሳል።

ሆኖም አንድ ቁስል አለ። በአገራችን በተለያየ ቦታ እምነቱን የለወጠ ሰው ከዕድር የተሰረዘበት፣ አስከሬኑም የመቃብር ቦታ አጥቶ የተንከራተተበት ጊዜ ነበር። ይህን በሥርዓት ጥበቃ ስም ማሳበብ አይቻልም። ለሟቹ ፍትሐት አለማድረስ የቤተ ክርስቲያን መብት ነው፤ እምነቱ የተለየውን ሰው እንደራሷ ምእመን እንድትሸኝ የሚያስገድዳት የለም። መሬት መንፈግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥጋ ይነሣል ብሎ የሚያምን ሰው የሚነሣውን ሥጋ ሜዳ ላይ ሊተው አይችልም።

መደምደሚያ

በጅማና በአካባቢዋ ያለው ልዩነት ነፍስ በመካከለኛው ጊዜ ባለችበት ሁኔታና በሕያዋን ድርሻ ላይ ያረፈ ነው። ኦርቶዶክሱ ፍርዱ ገና ነው ብሎ ይጸልያል፤ ፕሮቴስታንቱ ተስፋው ተረጋግጧል ብሎ ያመሰግናል፤ ካቶሊኩ ስለ መንጻት ይለምናል። እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ አይደሉም፤ በየመንፈሳዊ ኮሌጁና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በሌላው ላይ ያልተባለ ሳይለጠፍ በትክክል ሊሰጡ ይገባል። አንድ የሚያደርጋቸው የሥጋ ትንሣኤ ነው፤ በዚህ ሙስሊሙም አብሯቸው ይቆማል። ስለዚህ መቃብር መቆፈር፣ አስከሬን መሸከም፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ከማኅበራዊ ግዴታ በላይ የጋራ የእምነት ምስክርነት ነው። የየከተማው ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ማንም አባል በእምነቱ ምክንያት ከቀብር እርዳታ እንዳይከለከል በጽሑፍ ቢያሰፍሩ፣ የከተማ አስተዳደሮችም ለሁሉም የሚበቃ የመቃብር ቦታ ቢያዘጋጁ፣ ሕዝቡ በልምድ የደረሰበትን ጥበብ በሕግ ያጸኑታል።